አፈር ይሆናል የተባለው ፌስታል

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥር 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ፣ ለእትዬ የወይንሐረግ፤

እንደምን ከርመዋል? የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎ ላይ እንዳልበረታ ተስፋ አለኝ። እኛ፣ እኔም ባለቤቴ ሶሊም ልጃችን ሔራንም፣ ስሙ ይመስገንና ደህና ነን። በስልክ ብነግርዎ ይፈጥን ነበር፤ ግን መስመሩ ሲቆራረጥ ግማሹን ሳይሰሙ «እሺ» ስለሚሉኝ፣ ቁም ነገር ሲሆን ጻፍልኝ ያሉኝን አክብሬ ይኸው ጻፍኩ።

የሆቴሉን የፓርኪንግ ሥራ ለቀቅኩ። የሰው መኪና ሳቆምና ሳወጣ ያለፈው ዕድሜዬ በቃኝ። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ዌርሃውስ፣ ማለት የዕቃ መጋዘን፣ ካለው ማቲያስ ከሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ጋር በሽርክና እየሠራሁ ነው። ለሐበሻ ሬስቶራንቶች የምግብ መያዣና ፌስታል እናከፋፍላለን። ከዚህ ወር ጀምሮ ካውንቲው፣ እንደ ወረዳ ያለው አስተዳደር፣ በፌስታል ላይ ክፍያ ስለጣለ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ማቲያስም በስብሶ ወደ አፈር የሚለወጥ ፌስታል አምጥቷል።

ይህን ስሰማ በቅድሚያ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የሴቶች ማኅበራችሁ ችግኝ የሚያፈላበት ጥቁር ፕላስቲክ የሚያደርሰውን ጣጣ ሁልጊዜ ይነግሩኛል፤ ተካዩ ሳይቀደው ከነችግኙ ይቀብረዋል፣ ሥሩ ታንቆ ይደርቃል፣ የተቀደደውም በየተራራው ይበተናል ብለው። ፕላስቲኩ ራሱ አፈር የሚሆን ቢሆንስ? አዲስ አበባ ውስጥ በየክረምቱ ችግኝ የሚያስተክል አንድ ድርጅት አለ፤ ኃላፊው አቶ ዋለልኝ ይባላሉ። ለመግዛት ፈቃደኛ ናቸው፤ ግን በሥራው ላይ ያለ ሰው ሞክሮ ይመስክር ብለዋል። ከእርስዎ የበለጠ ምስክር የት ይገኛል?

ሳምፕሉን ለእረፍት አገር ቤት የሚገባው ጓደኛዬ ፀሐዩ ይዞልዎት ይመጣል። ሞክረው በማኅበሩ ማኅተም አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።
ያሳደጉት ልጅዎ ሳህሉ

ደብረ ብርሃን
መጋቢት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ልጄ ሳህሉ፤

የአባትህ የወንድሜ አምላክ በገባህበት ሁሉ ይግባልህ። ሶሊንና ሔራንን ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ዕድሜዬ ነው።

ፀሐዩ ዕቃውን አድርሶልኛል። ሁለት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፦ አንዱ ነጭ፣ ጠንከር ያለ፣ የኩባያ ቅርጽ ያለው፤ ሌላው አረንጓዴ፣ ስስ፣ ያው ፌስታል የምንለው። ከምን እንደተሠሩ ግን የተጻፈ የለም። «ከተፈጥሮ» ይላል። ልጄ፣ ነዳጅም እኮ ከተፈጥሮ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው ይህን ብቻ አንብቤ ማኅተም አላሳርፍም። ማቲያስን ጠይቀህ በትክክል ጻፍልኝ።

እስከዚያው ከሁለቱም አንዳንድ ወስጄ፣ ኋላ እንዳይጠፉኝ በሽንኩርት ከረጢት አስሬ፣ የኮምፖስት ክምራችን ውስጥ ቀብሬያቸዋለሁ። ጥቂት አስቀርቼ የተረፉትን አረንጓዴ ፌስታሎች ለማኅበሩ ሴቶች ሰጠኋቸው፤ የጓዳ ጥራጊያቸውን እያጠራቀሙበት ከነፌስታሉ ክምሩ ውስጥ ይጥሉታል። ይህን ያደረግሁት በአንተ ቃል ተማምኜ ነው።

ሥራ ስትለቅ ሶሊ ምን አለች? አልጻፍክልኝም።

አክስትህ የወይንሐረግ

አሌክሳንድሪያ
ግንቦት 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

እንኳን ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ለበዓለ ሃምሳው በሰላም አደረስዎ። ደብዳቤዎን በደስታ አነበብኩ።

ማቲያስን ጠይቄዋለሁ። ነጩ ከበቆሎ ስታርች የተሠራ ነው። አረንጓዴው ደግሞ አንድ ቅመም ተጨምሮበት ቶሎ እንዲበሰብስ የተደረገ ነው ብሎኛል። ባለፈው ሳምንት ዌርሃውሱ ድረስ ሄጄ ራሴ አየሁ። አንድ ሳህን ጥቁር አፈር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ይኼ ፌስታል ነበር» አለኝ። በእጄ ዘግኜ አሸተትኩት፤ የዝናብ አፈር ይሸታል።

እትዬ፣ ጊዜ የለንም። አቶ ዋለልኝ ደጋግመው ኮል አድርገዋል። ለሚቀጥለው ክረምት ችግኝ የሚፈላው ከጥቅምት ጀምሮ ስለሆነ ፌስታሉን የሚጭነው ኮንቴነር ከዚህ በቶሎ መነሳት አለበት። ረጅም ሐተታ አያስፈልግም፤ «ሞክረነዋል፣ ይበሰብሳል» የሚል አጭር ወረቀት ይበቃል። እርስዎ ችግኞቹ መሐል ቆመው የተነሱት ፎቶ ቢኖርም ጥሩ ነበር።

ሁላችንም ደህና ነን። ሔራን በኮሌጅ ስለ አፈር እየተማረች ነው፤ በእርስዎ ሳትወጣ አልቀረችም።

ልጅዎ ሳህሉ

ደብረ ብርሃን
ሐምሌ 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ልጄ ሳህሉ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዝናቡ ጥሩ ነው፤ ችግኙም ደርሷል።

ከረጢቶቹን አወጣኋቸው። ነጩ ኩባያ እንደገባ ወጣ። አጥቤ መስኮቴ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሻይ ቢጠጡበት ያስችላል። አረንጓዴው በስብሷል፤ በስብሷል ስልህ ግን ተበጣጥሷል ማለቴ ነው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ብትንትን ብሏል። በጣቴ ሳሸው ይቆራረጣል እንጂ አፈር አይሆንም። ውሃ ውስጥ ብጨምረው ቅንጣቱ ሁሉ ተንሳፈፈ።

ከዚህ የባሰው በከረጢት ያላሰርነው ነው። ሴቶቹ ጥራጊ ይዘው የጣሉት ፌስታል ሁሉ እዚያው ክምሩ ውስጥ ተበታትኖ፣ ሳናውቅ ኮምፖስቱን አከፋፈልነው። አብዛኛው በአበዛሽ የነጭ ሽንኩርት መደብ ላይ ነው የተበተነው። አበዛሽን ታውቃታለህ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታስተምረው በዚያች መደብ ነው። ትናንት ሄጄ ሳየው መሬቷ በአረንጓዴ ቅንጥብጣቢ ተዝጎርጉሯል። እሷ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ትለቅመው ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱን አልጽፍም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ባለፈው ሳምንት አቶ ዋለልኝ የተባሉት ሰው ለሥራ ወደዚህ ሲያልፉ ችግኝ ጣቢያችን ጎራ ብለው ነበር። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ስለ ምስክርነትዎ በጣም እናመሰግናለን» አሉኝ። ሰው ፊት ስለነበርን ዝም አልኩ። ምን መስክሬ ነው የተመሰገንኩት? በስሜ የመሰከረው ማን ነው?

መልስህን እጠብቃለሁ።
የወይንሐረግ

አሌክሳንድሪያ
ጥቅምት 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ የወይንሐረግ፤

ዘመን ተለውጦ ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረስዎ። ሥራው ፋታ አልሰጥ ብሎኝ ነው።

የጻፉልኝን ለሔራን አነበብኩላት። ነጩ እንዲበሰብስ የክምሩ ውስጥ ስልሳ ዲግሪ ያህል መጋል አለበት አለችኝ። እዚህ ኮምፖስት በሚሠራባቸው ትልልቅ ቦታዎች ክምሩ ኮረብታ ያክላል፤ በማሽን እየተገላበጠም ይግላል። የእናንተ ምናልባት ትንሽ ይሆናል፤ አገሩም ብርድ ነው። ሴቶቹስ በየጊዜው ያገላብጡታል? ጥፋቱ የዕቃው ላይሆን ይችላል እትዬ። አበዛሽን አይዞሽ ይበሉልኝ፤ ጊዜ ሲያገኝ ያልቃል።

ኮንቴነሩ ጅቡቲ ደርሷል። ፌስታሉን አፈር ሞልቶ ችግኝ የማፍላቱንም ሥራ ማኅበራችሁ እንዲሠራው ለአቶ ዋለልኝ ነግሬአቸዋለሁ፤ ለሴቶቹ ጥሩ ሥራ ይሆናል።

ሶሊም ሰላም ብላዎታለች።

ልጅዎ ሳህሉ

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 2 ቀን 2005 ዓ.ም.

ሳህሉ፤

የጠየቅሁህን አልመለስክልኝም። ክምራችንን ግን መረመርክልኝ።

ክምሩ ብርድ ነው ላልከው፣ እውነት ነው። ስለዚህ ሌላ እየሠራን ነው። የዶሮ ኩስና የፈረስ ፋንድያ ከገለባ ጋር ደራርበን፣ ውሃ እያርከፈከፍን፣ ከሰው ቁመት በላይ አድርገነዋል። በየሳምንቱ ይገለበጣል። ፌሮ ብረት ሰክተን ስናወጣው በእጅ አያስይዝም። ነጩንም አረንጓዴውንም በከረጢት አስሬ መሐሉ ላይ አስገብቻለሁ። ሌላ ነጭ ኩባያ ደግሞ ጽድ ተክዬበት፣ ሰው ተራራ ላይ እንደሚተክለው አድርጌ ቀዝቃዛው መሬት ውስጥ ቀብሬዋለሁ። እዚያ ማንም ክምር አይሠራለትምና።

እኔ አንድ ቀን እንኳ ለተማሪ ያላገኘውን ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። ለፌስታልም አልሰጥም። ስሜን ያስገባኸው አንተ ከሆንክ አንተው አውጣው።

ውጤቱ ሲታወቅ ለዋለልኝ የምነግረው እኔ ነኝ። ቀድሜ ያሳወቅሁህ ኋላ ከሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።

አክስትህ

አሌክሳንድሪያ
ጥር 11 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

እንደምን አሉልኝ? ይህን የምጽፈው ሶሊ ሥራ ሄዳ፣ ሔራን ተኝታ ነው። ስሜትዎን የሚጎዳ ነገር ስላለበት አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሔራን ሰምታኝ ዝም አላለችም። ሁለቱንም ዓይነት ወደ ኮሌጇ ወስዳ፣ በሦስት ማሰሮ ትኩስ ኮምፖስት ሞላች፦ በአንዱ ነጩን፣ በአንዱ አረንጓዴውን፣ በሦስተኛው ባዶውን ኮምፖስት። በሙቅ ሣጥን ውስጥ አቆየቻቸው። ከወራት በኋላ ወሰደችኝና አሳየችኝ። እንደተለመደው በእንግሊዝኛ ነው የነገረችኝ፤ በገባኝ መጠን ላስረዳዎ። ፕላስቲክ ረጅም ሰንሰለት ነው። የነጩን ሰንሰለት ሙቀትና እርጥበት ይበጣጥሱታል፤ ከዚያ በዓይን የማይታዩት ነፍሳት ቁርጥራጩን ይበሉታል። ሲበሉ ደግሞ ይተነፍሳሉ። እሷም ትንፋሹን በኖራ ውሃ ውስጥ እያሳለፈች ለካችው። ነጩ ያለበት ማሰሮ አብዝቶ ተነፈሰ። አረንጓዴው ያለበት ግን ከባዶው ኮምፖስት ያለፈ ትንፋሽ አልነበረውም። ማንም አልበላውም። ያ ቅመም የተባለው የሚሰባብረው እንጂ የሚያበላው አይደለም። «ዳዲ፣ አለመታየትና መበላት አንድ አይደሉም» አለችኝ። ይህችን በአማርኛ ነው ያለችው።

ከዚያው በቀጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። ማቲያስ ዌርሃውሱ ውስጥ ካርቶን እየደረደረ ነበር።

«ኮንቴነሩ ውስጥ ያለው የትኛው ነው?» አልኩት።

«አረንጓዴው።»

«በሳምፕሉ ነጩም ነበር።»

«ነጩማ ሳምፕል ነው» አለኝ፤ ሥራውንም አላቋረጠም። ነጩ ውድ እንደሆነ፣ አረንጓዴውም ዞሮ ዞሮ ዓይን ላይ እንደማይታይ፣ ያን ሁሉ ተራራ ቆፍሮ የሚያይ ሰው እንደሌለ ነገረኝ።

«አክስቴ ታያለች» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና «አክስትህማ መስክራለች» አለ።

እትዬ፣ በግንቦት ከአቶ ዋለልኝ ጋር በስልክ ስንነጋገር ማቲያስ «የሳህሉ አክስት ሞክራው ረክታለች» ሲል እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ወረቀቱ ስለሚመጣ ምን ችግር አለው ብዬ አፌን ያዝኩ። ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ነገ ጠዋት ለአቶ ዋለልኝ ደውዬ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ለሶሊ ገና አልነገርኳትም። እሷ ሥራ ስለቅ ለወር ያህል አላናገረችኝም ነበር፤ ለዚህ ነው ሲጠይቁኝ የዘለልኩት።

ደብዳቤውን አገር ቤት ለሚገባ ሰው እሰጣለሁ። መቼ እንደሚደርስዎ አላውቅም።

ሳህሉ

ደብረ ብርሃን
የካቲት 24 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ ሳህሉ፤

ለዐቢይ ጾም በሰላም ያድርስህ። ከአንተ ደብዳቤ ካየሁ ወራት አልፈዋል። ያስቀየምኩህ መስሎኝ ከርሜአለሁ፤ ቢሆንም ያልኩትን አድርጌአለሁ።

ክምሩን አፈረስነው። ነጩ ጠፍቷል። ከከረጢቱ ያገኘሁት የአፉን ወፍራም ጠርዝ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ደረቅ ብስኩት በጣቴ መሐል ፈረሰ። በትኩስ ክምር ነጩ እውነተኛ ነው፤ ይህን አልክድም። አረንጓዴው ያው ልጣጭ ነው። ከጽዱ ጋር መሬት የቀበርኩት ነጭ ኩባያም ጭረት እንኳ የለበትም፤ ሥሩ ውስጡ ዞሮ ዞሮ መውጫ አጥቷል። እንግዲህ ለተራራ ሁለቱም አይሆኑም።

አቶ ዋለልኝን አስጠርቼ ክምሩ ድረስ አመጣኋቸው። እጅጌአቸውን ሰብስበው እጃቸውን እንዲያስገቡ አደረግሁ። ቅንጥብጣቢውን መዳፋቸው ላይ አድርጌ፣ እኔ ምንም እንዳልመሰከርኩ፣ ስሜ ያለ እኔ ፈቃድ እንደተነሳ ነገርኳቸው። ያደረገው ያሳደግሁት ልጅ ሊሆን እንደሚችልም ሳልደብቅ ተናገርኩ። 

እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው፣

«እትዬ፣ ልጅዎ በጥር ደውሎ ይህንኑ ነግሮኛል። ዕቃውን ያን ጊዜውኑ አልቀበልም ብያለሁ። ዛሬ የመጣሁት እርስዎ ሲጠሩኝ አልመጣም ማለት ስላልሆነልኝ ነው» አሉኝ።

ፍግ የምናመላልስበት ጋሪ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አበዛሽ ውሃ አመጣችልኝ።

ሳህሉ፣ ለምን ለእኔ አልነገርክም? ነው ወይስ ደብዳቤህ መንገድ ላይ ነው? አሁን በምን ትተዳደራለህ? ሶሊስ? ይህን ደብዳቤ ያለ መልስ አትተወው።

የወይንሐረግ

አሌክሳንድሪያ
ሚያዝያ 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ጤናዎን ያብዛልኝ። የጥር ወር ደብዳቤዬ ይህን ጊዜ ሳይደርስዎ አልቀረም፤ የያዘው ሰው ጉዞው ተላልፎበት ነበር።

ከማቲያስ ጋር ተለያይተናል። ኮንቴነሩን ለሌላ አገር ነጋዴ እንዳዞረው ሰምቻለሁ። ምን ብሎ እንደሸጠው አላውቅም፤ ይህ ያንገበግበኛል፤ ግን ላስቆመው አልቻልኩም። ሆቴሉ መልሶ ቀጥሮኛል። ሶሊ ስነግራት ሳህን እያጠበች ነበር፤ ውሃውን ዘግታ፣ «ለአቶ ዋለልኝ የደወልከው አክስትህ ከመናገራቸው በፊት ነው በኋላ?» ብላ ጠየቀችኝ። «በፊት» አልኳት። ውሃውን መልሳ ከፈተች። በማግስቱ ግን ምሳዬን ቋጥራ ሰጠችኝ።

አረንጓዴውን ፌስታል ያከፋፈልኩላቸው ሬስቶራንቶች ነበሩ። ሔራንን ይዤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግን ስንዞር ዋልን። አንዳንዱ ሳቀብኝ። አቶ ሠረቀብርሃን የሚባሉት ባለ ሬስቶራንት ግን በሩ ላይ የለጠፉትን «ወደ አፈር ይለወጣል» የሚል ወረቀት በጥፍራቸው ልጠው አነሱና «ደንበኞቼን ለአንድ ዓመት ዋሽቼአለኋ» አሉኝ። በእኔ ላይ አልጮኹም። ያ ነው የከበደኝ። ሔራን መኪና ውስጥ እጄን ይዛ ቆየች።

አበዛሽ እንዴት ናት? መሬቷስ? ይህን በምን ዓይን እንደምጠይቅ አላውቅም።

ልጅዎ ሳህሉ

ደብረ ብርሃን
ሰኔ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ ሳህሉ፤

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ሶሊን ስለቋጠረችልህ ምሳ አመስግንልኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የጥር ወሩን ሁለት ጊዜ አንብቤ አስቀምጬዋለሁ። ተቆጥቻለሁ፤ አሁንም አልበረደልኝም። ብትጽፍልኝ ግን እንደምወድ እወቅ።

አበዛሽ ደህና ናት። የላይኛውን አፈር እያነሳን በወንፊት ነፍተነዋል፤ ሴቶቹ በየተራ ያግዟታል። ግማሹ መደብ ነጽቷል፤ ግማሹ ይቀራል። ለክረምቱ አይደርስም።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ፌስታሉን የላከው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። አበዛሽ ብቻ «ልጁ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀች። እስከ ዛሬ ና ብዬህ አላውቅም፤ ሥራህን፣ የመኖሪያ ወረቀትህን፣ ትኬቱን አስቤ። አሁን ግን እልሃለሁ፤ ዝናቡ ሲያባራ ና። ሔራንንም አምጣት፤ እሷ የማሰሮዎቹን ሙከራ ታስረዳኛለች፣ እኔም ክምሩን አሳያታለሁ።

ሳምፕል አትያዝ። ስጦታም አትያዝ፤ ሻንጣህ ባዶ ይሁን። እዚህ ስትደርስ አበዛሽ ወንፊቱን ታቀብልሃለች።

አክስትህ የወይንሐረግ